ክረምት ያረጠበውን ግድግዳ መጠገን፦ ከየት ይጀመራል? ስንትስ ያስወጣል?

መስከረም በጠባ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይደርሰኛል። «ግድግዳዬ ውሃ ጠጥቷል፤ ስንት ያስወጣኛል?» አንዱ ከቡሬ ይደውላል፣ ሌላው ከቢቸና። እዚህ ደብረ ማርቆስ ያለው ጎረቤት ደግሞ በር ላይ ጠብቆ ይይዘኛል። ለእያንዳንዱ ስመልስ አፌ ደከመ። ስለዚህ ጻፍኩት።

መመሪያው በዋናነት ለጭቃ ቤት ነው፤ በባሕር ዛፍ ለቆመ፣ በጭድ ጭቃ ለተመረገ፣ በቆርቆሮ ለተከደነ። የብሎኬት ቤት ያላችሁም ቅደም ተከተሉ ያው ነው። የሚለይበት ቦታ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ስለ ወጪው አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ገንዘብ የሚበላው ውሃው ከየት እንደገባ ሳይታወቅ የሚለሰን ልስን ነው። አንዲት ጎረቤት አሉኝ፣ እትዬ የምላቸው። የጓዳቸውን ግድግዳ በሦስት ዓመት ሦስት ጊዜ አስለሰኑ። በየዓመቱ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ እያበጠ ይረግፋል። ሄጄ ውስጡን አየሁ፣ ከዚያ ዞሬ ውጪውን አየሁ። ከጣሪያው የሚወርደው ጠፈጠፍ ግድግዳው ሥር ጉድጓድ ቆፍሯል። ዶሮዎቻቸው ከዚያው ጉድጓድ ውሃ ይጠጣሉ። ሁለት የቀን ሠራተኛ ግማሽ ቀን ቦይ ቆፈረ፣ ድንጋይ ተደረደረ። አራተኛው ልስን ይኸው እስካሁን ቆሟል።

ከመንካታችሁ በፊት፦ ማስጠንቀቂያ

ግድግዳው ረጥቦ ሶኬት ወይም የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለበት፣ መጀመሪያ ቆጣሪው ላይ ያለውን ብሬከር አውርዱ። እርጥብ ጭቃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ብሬከሩ ያለበት ቦታ ራሱ ከረጠበ ወይም ውሃ ላይ ቆማችሁ ከሆነ አትንኩት፤ ባለሙያ ጥሩ።

ኮርኒሱ ቁልቁል ሆዱን ነፍቶ ከታየ ውሃ አዝሏል ማለት ነው። ሥሩ አትቁሙ። ብሬከሩ መውረዱን አረጋግጡ፤ ከዚያ ባልዲ አስቀምጡና ከጎን ሆናችሁ በረጅም እንጨት ጫፉን ብሱት። ካልተበሳ በራሱ ጊዜ ይወርዳል፤ ሲወርድ ደግሞ ሙሉውን ይዞ ነው።

ግድግዳው ወደ ውጪ ካዘነበለ፣ በር አልዘጋ ካለ ወይም ከጥግ እስከ ጥግ የሚሮጥ ሰፊ ስንጥቅ ካያችሁ፣ ጣሪያውን በድጋፍ እንጨት ሳታስይዙ ምንም ነገር አታፍርሱ። ልጆች በዚያ ክፍል አይተኙ።

እርጥብ ቆርቆሮ ላይ አትውጡ። ሲደርቅም ስትወጡ ምስማር የተመታበትን መስመር ብቻ ርገጡ፤ ሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ነው። በመስመሮቹ መካከል ያለው ቆርቆሮ የሰው ክብደት አይችልም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ሁሉም ቤት ሁሉንም አይፈልግም። ዝርዝሩን ያዙት፣ ግን ሁለተኛውን ደረጃ ሳትጨርሱ ገበያ አትውጡ።

- ለፍተሻ፦ መሰላል፣ ጠመኔ ወይም ከሰል፣ ካቻቢቴ ወይም ስለት ያለው ቢላ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል ላስቲክ፣ ፕላስተር
- ለጣሪያ፦ የጎማ ቀለበት ያለው የቆርቆሮ ምስማር፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ሬንጅ፣ ወፈር ያለ ጨርቅ፣ እንደ አስፈላጊነቱ ቆርቆሮና አሸንዳ
- ለውጪ፦ ዶማ፣ አካፋ፣ ድንጋይ፣ ጠጠር
- ለግድግዳ፦ ቀይ አፈር፣ ጭድ፣ አሸዋ፣ እበት፣ ወንፊት፣ በርሜል፣ ባልዲ
- ለብሎኬት ግድግዳ፦ ሲሚንቶና አሸዋ
- ለእንጨቱ፦ ልጡ የተላጠ ደረቅ ባሕር ዛፍ፣ ማሰሪያ ሽቦ፣ ፒንሳ፣ ምስማር
- ለማጠናቀቂያ፦ ኖራ ወይም ቀለም፣ ብሩሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት
- ለራሳችሁ፦ ጓንት፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ መነጽር

ደረጃ በደረጃ

1. ዕቃውን አውጡ፣ ክፍሉን ክፈቱ። አልጋ፣ ቁም ሣጥን፣ የእህል ማዳበሪያ፣ ሁሉም ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ክንድ ይራቅ። አየር የማያገኝ ግድግዳ አይደርቅም። እህል ያለበት ማዳበሪያ ደግሞ እርጥበቱን ስቦ ከሥሩ ይሻግታል፤ ከላይ ስታዩት ግን ደህና ይመስላል።

2. የውሃውን መግቢያ ፈልጉ። ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ። ውሃ ቤት የሚገባባቸው መንገዶች አራት ናቸው፤ እያንዳንዱም የራሱን ምልክት ትቶ ይሄዳል።

*ከጣሪያ ከሆነ* ግድግዳው ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ ቡናማ ዘንግ ታያላችሁ። ፀሐይ ስትበረታ በርና መስኮት ዘግታችሁ ወደ ላይ ተመልከቱ። የተበሳው ቆርቆሮ እንደ ኮከብ ያበራል። በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። ግን ተጠንቀቁ፤ ውሃ የሚንጠባጠብበት ቦታና የገባበት ቦታ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ቆርቆሮውን ወይም ሞራሌውን (የጣሪያውን እንጨት) ይዞ ወደ ታች ሄዶ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ከሚንጠባጠብበት ወደ ጣሪያው አናት አቅጣጫ ፈልጉ። ቀዳዳው ካልታየ አንድ ሰው ውስጥ ይቁም፣ ሌላው ቆርቆሮው ላይ ሳይወጣ ከመሰላል ሆኖ ላዩ ላይ በጆግ ውሃ ያፍስስ። ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ እያፈሰሳችሁ ቀጥሉ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ቦታ ስለሚያልፍ የቱ እንዳፈሰሰ አታውቁም።

*ከጠፈጠፍ ከሆነ* የረጠበው ከወለል እስከ ጉልበት ያለው የግድግዳ ክፍል ነው፤ ውጪውም በጭቃ ተረጭቶ ተልጦ ይገኛል። ይህን ብዙ ሰው ይንቀዋል። እስቲ እናስላው። 6 በ8 ሜትር የሆነ ጣሪያ 48 ካሬ ሜትር ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ ጣሪያችሁ 1,440 ሊትር ይጥላል፤ በ200 ሊትር በርሜል ሰባት በርሜል ከነትርፉ። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ የሚወርደው ግድግዳችሁ ሥር ነው። ያውም በአንድ ቀን።

*ከመሬት ከሆነ* ዝናብ ካቆመ ከሳምንታት በኋላም ግድግዳው ሥር እርጥብ ነው፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨውም ያወጣል። መሬቱ ከቤቱ በላይ ተዳፋት ከሆነ ጎርፉ መሬት ውስጥ ለውስጥ እየመጣ ነው። በደጀንና በቢቸና በኩል ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። ውሃው በስንጥቁ መሠረት ሥር ይገባና ቤቱን ያነሣዋል፤ ሲደርቅ መልሶ ያስቀምጠዋል። እዚያ አካባቢ በየዓመቱ በአንድ ቦታ የሚከፈት ስንጥቅ ካለ፣ ግድግዳውን ከመድፈናችሁ በፊት ውሃውን ከመሠረቱ አርቁ።

*ከቧንቧ ከሆነ* በበጋም አይደርቅም። ሁሉንም ቧንቧ ዝጉና የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ። ሁለት ሰዓት ማንም ውሃ አይንካ። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ከቆጣሪው ወዲህ ያለ መስመር እያፈሰሰ ነው።

እርጥበቱ ከውጪ የመጣ ይሁን ከክፍሉ እንፋሎት መለየት ካቃታችሁ፣ ላስቲኩን ግድግዳው ላይ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሽጋችሁ ለጥፉት። ከ24 ሰዓት በኋላ እዩት። ጠል የያዘው ከላስቲኩ በስተግድግዳው በኩል ከሆነ ውሃው ግድግዳው ውስጥ ነው። ክፍሉ በኩል ካላበው ግን ምግብ ስታበስሉ፣ ልብስ ቤት ውስጥ ስታሰጡ የሚወጣ እንፋሎት ነው። ያ ልስን አይፈልግም፤ መስኮት ነው የሚፈልገው።

3. ውሃውን አቁሙ። ከላይ ጀምሩ።

የዛገውን ቀዳዳ በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጉት፣ ሬንጅ ቀቡ፣ ጨርቅ ልበጡ፣ በላዩ እንደገና ሬንጅ ቀቡ። ዝገቱ ሳይነሣ የተቀባ ሬንጅ ከነዝገቱ ተላጦ ይወድቃል። ሬንጅ የምታሞቁ ከሆነ ከቤት ራቅ አድርጋችሁ፣ በትንሽ እሳት፤ የፈላ ሬንጅ ቆዳ ላይ ከተጣበቀ አይላቀቅም። ቆርቆሮው በሰፊው ከተበላ መለጠፍ ትርፉ ድካም ነው። ቀይሩት። ስትገዙ የጌጅ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው እንደሚወፍር አትርሱ፤ 28 ከ32 ይወፍራል።

ምስማር የሚመታው የቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው። ውሃ የሚሄደው በሰርጡ ስለሆነ ሰርጡ ላይ የተመታ ምስማር ነገ ቀዳዳ ነው። የላላ ምስማር አውጥታችሁ ያንኑ መጠን ያለው መልሳችሁ እዚያው ጉድጓድ ብትመቱ አይይዝም። አሮጌውን ቀዳዳ በሬንጅ ድፈኑና ጥቂት ፈቀቅ በሉ። የጎማ ቀለበቱ ጠፍጠፍ እስኪል ምቱ፤ እስኪሰነጠቅ ግን አይደለም። ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ ሲደረብ ከላይ ወደ ታች ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይደረብ። ከዚያ ካነሰ ንፋስ ያለበት ዝናብ ውሃውን ወደ ላይ ገፍቶ ያስገባዋል።

አሸንዳ መግጠም ከቻላችሁ ግጠሙ። በየ2 ሜትሩ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መውረጃው ያዘንብል። ቀጥ ካለ ቅጠል ይይዛል፣ ይሞላል፣ በኋላ በኩል ወደ ግድግዳው ይተፋል። አቅም ካልፈቀደ ጠፈጠፉ የሚያርፍበት መስመር ላይ ድንጋይና ጠጠር አልብሱ። ውሃው ጭቃ ይዞ ወደ ግድግዳው አይረጭም።

ከዚያ መሬቱን አስተካክሉ። ከግድግዳው ጀምሮ በየ1 ሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ እያለ ይውጣ። ቦዩን መሬቱ ከቤቱ ከፍ በሚልበት በኩል፣ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል አርቃችሁ ቁፈሩ። ግድግዳውን ታክኮ የተቆፈረ ቦይ ለውሃ ቤት መሥራት ነው። ቦዩ ወዴት እንደሚፈስስም እዩ፤ ጎረቤት ግቢ ውስጥ ከለቀቃችሁት ዘንድሮ ግድግዳ ጠግናችሁ ከርሞ ሽማግሌ ፊት ትቀርባላችሁ።

4. የተበላሸውን አራግፉ። ግድግዳውን በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ አንኳኩ። ደህናው ደፍን ድምፅ ይሰጣል፤ የለቀቀው እንደ ባዶ ቅል ይጮኻል። የጮኸውን በሙሉ አውርዱ፤ እርጥበቱ ከሚታይበት መስመር በላይም አንድ ክንድ ጨምራችሁ አውርዱ። ዳር ላይ የቀረ ልል ምርግ አዲሱን ይዞት ይወድቃል።

ሻጋታ ካለ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። የጭቃ ግድግዳ ሻጋታ በበረኪና አይድንም፤ ሥሩ ውስጥ ገብቷል፣ በረኪናው ደግሞ ውሃ ነው። ተፍቆ ይወጣል፣ ከግቢ ውጪ ይጣላል። በዘይት ቀለም በተቀባ ብሎኬት ላይ ግን በረኪና በውሃ አቅጥኖ ማጠብ ይቻላል። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል።

ነጩን ጨው በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት። በውሃ ካጠባችሁት ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል።

5. አድርቁ። ደረቅ የሚመስልና ደረቅ የሆነ ግድግዳ ይለያያሉ። ፊቱ በሁለት ቀን ይነጣል፤ ሆዱ ግን ለሳምንታት እርጥብ ነው። የጥቅምትና የኅዳር ፀሐይና ንፋስ ጥሩ አጋዥ ነው፤ ያም ሆኖ እኔ ክረምቱን ሙሉ ውሃ የጠጣ የጭቃ ግድግዳ ከሦስት ሳምንት በታች አላምንም። በርና መስኮት ቀን ይከፈት፣ ማታ ይዘጋ። የከሰል ምድጃ አስገብታችሁ ለማድረቅ አትሞክሩ። አንደኛ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ይገድላል። ሁለተኛ ፊቱን በኃይል አድርቆ ያሰነጥቀዋል፣ ሆዱን አይነካም።

መድረቁን የምታውቁት በዚያው በላስቲኩ ነው። 24 ሰዓት ለጥፉት፤ ከግድግዳው በኩል ጠል ካልያዘ ቀጥሉ። ከያዘ ሌላ ሳምንት።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። አንድ ዓመት የእናቴን ቤት ለመስቀል ላሳምር ብዬ ዝናቡ ገና በቅጡ ሳያባራ ለሰንኩት፣ ኖራም ቀባሁት። ለበዓሉ አማረ። እንግዳ ሁሉ አመሰገነ። ኅዳር ላይ እናቴ መጥረጊያ ይዛ «የመስቀሉን ሥራህን እየጠረግሁ ነው» አለችኝ። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ።

6. እንጨቱን መርምሩ። ጭቃው ሲወርድ ወጋግራውና ማገሩ (ቋሚውና አግዳሚው እንጨት) ይታያል። ከመሬት አንድ ስንዝር ላይ ካቻቢቴውን ግፉ። ጤነኛ ባሕር ዛፍ አይበገርም። ጫፉ እንደ ዳቦ ከገባ በስብሷል፤ የአፈር መስመር ከተለጠፈበት ደግሞ ምስጥ ገብቷል። የበሰበሰውን ቁረጡና ጤነኛው ክፍል ላይ አዲስ እንጨት ጎን ለጎን አድርጋችሁ ቢያንስ ከግማሽ ሜትር በላይ ደርባችሁ በሽቦ እሰሩ፣ በምስማር አጽኑ። አንድ በአንድ ብቻ። ሁለት ቋሚ ባንድ ጊዜ ከተነሣ ጣሪያው ይከተላችኋል። ከመቁረጣችሁ በፊት የጣሪያውን እንጨት በድጋፍ አስይዙ።

አዲሱ እንጨት ልጡ ይላጥ። ልጡ ውሃ ይይዛል፣ ለምስጥም መጠለያ ነው። መሬት የሚገባውን ጫፍ ብዙዎች የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀቡታል። የጉድጓድ ውሃ አጠገብ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ። ከሁሉ የሚሻለው እንጨቱን ድንጋይ ላይ ማሳረፍ ነው፤ አፈር ያልነካ እንጨት ዕድሜው ረጅም ነው።

7. ጭቃውን አዘጋጁና ምረጉ። በቡሬና በፍኖተ ሰላም በኩል ያላችሁ ቀይ አፈር በደጃችሁ ነው። ዋልካ ያላችሁ ከሌላ ቦታ አስመጡ፤ ዋልካ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ያልቃል።

አፈሩን ንፉ። መነሻ የሚሆነው ሦስት ባልዲ አፈር፣ አንድ ባልዲ የታጨቀ ጭድ ነው። ውሃ አድርጋችሁ በእግር ርገጡት። ሸፍናችሁ አራት አምስት ቀን ይሰንብት፤ በየቀኑ ጥቂት ውሃ እየጨመራችሁ ርገጡት። ጭዱ ሲለሰልስ ጭቃው ይያያዛል። ሲበቃው ሽታው ይለወጣል፣ ከእጅም አይንጠባጠብም። ዕለቱን ተቦክቶ ዕለቱን የተመረገ ጭቃ ጭዱ ገና እንደ መርፌ ቆሞ ነው፤ አይይዝም።

ሙሉውን ከመጀመራችሁ በፊት እጅ መዳፍ የሚያህል ቦታ ላይ ሞክሩ። በሁለት ቀን ከተሰነጠቀ አሸዋና ጭድ ጨምሩ። በእጅ ሲነካ ከረገፈ የሚያያይዝ አፈር አንሶታል። ይህች ሙከራ ምንም አታስወጣም፤ ሙሉ ግድግዳ ግን ታድናለች።

አሮጌውን ግድግዳ ውሃ ርጩበት፤ ደረቅ ጭቃ የአዲሱን ውሃ ይመጥጥና ሳይጣበቅ ያደርቀዋል። ጎድጎድ ያለውን ቦታ በመጀመሪያው ዙር ድፈኑ። ጭቃውን በእጃችሁ በኃይል ወርውሩት፤ ሲወረወር ነው ማገሩ መሐል የሚገባው። ከ3 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ፊቱን በጣታችሁ ፈልፍሉት፤ ሁለተኛው ዙር የሚይዘው እሱን ነው። ሲደርቅ ሁለተኛውን፣ በደቀቀ ጭድና በእበት የላላውን፣ ቀጠን አድርጋችሁ ለስኑ።

አሮጌውን ጭድ በመስከረም በውድ ከመግዛት፣ ግድግዳው እስኪደርቅ ብትጠብቁ የታኅሣሥ የጤፍ ውቂያ ይደርስላችኋል። አዲስ ጭድ በዚያ ጊዜ እንደ ልብ ነው።

የብሎኬት ግድግዳ ከሆነ፦ 1 ሲሚንቶ ለ4 አሸዋ፣ ውፍረቱ ከ2 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ለሰባት ቀን ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጡት። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ውሃ ሲያገኝ ነው፤ በፀሐይ ፈጥኖ ከደረቀ ዱቄት ይሆናል። ቀለም ከ28 ቀን በፊት አትቀቡ።

8. ወለልና ኮርኒስ። የአፈር ወለል ከሆነ የላላውን ቆፍራችሁ አውጡ፣ ደረቅ አፈር ሙሉ፣ ጠቅጥቁ፣ በእበት ለቅልቁ። የረጠበ ቺፑድ ካበጠ ተመልሶ አይስተካከልም፤ ይለወጥ። የማዳበሪያ ወይም የአቡጀዲ ኮርኒስ ወርዶ ታጥቦ መመለስ ይችላል።

9. ቀቡ። ለጭቃ ግድግዳ ኖራ ይመረጣል። ኖራ ያስተነፍሳል፤ የቀረች እርጥበት ካለች ትወጣለች። የዘይት ቀለም ግን እንደ ላስቲክ ይዘጋዋል፣ ውሃው ከኋላ ይከማችና ቀለሙ እንደ ቡግንጅ ያብጣል። ኖራ ስታሟሙ መነጽርና ጓንት አድርጉ። ውሃ ሲነካው ይፈላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ያጠፋል። ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ እያጠባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ።

እሺ፣ ስንት ያስወጣል?

ብር አልጽፍም። ዛሬ የምጽፈው የሲሚንቶ ዋጋ እናንተ ስታነቡት ሌላ ሆኗል። መጠኑን ግን እነግራችኋለሁ፤ የከተማችሁን ዋጋ አባዙበት።

አንድ ግድግዳ፣ 4 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል እንበል። 10 ካሬ ሜትር ነው።

- በሲሚንቶ በ2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፦ አንድ ከረጢት ተኩል ሲሚንቶ (75 ኪሎ) እና አንድ በርሜል አሸዋ። አንድ ግንበኛ ከአንድ ረዳት ጋር አንድ ቀን።
- በጭቃ በ3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፦ 0.3 ሜትር ኩብ ጭቃ፣ ማለት አንድ በርሜል ተኩል። ሲደርቅ ስለሚቀንስ ሁለት በርሜል አዘጋጁ። ለማራገፍና ለመርገጥ ሁለት የቀን ሠራተኛ ሁለት ቀን፣ ለሁለቱ ዙር ምርግ አንድ ባለሙያ ሁለት ቀን።
- ቀለም፦ 1 ሊትር ለአንድ ዙር ከ8 እስከ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ለሁለት ዙር 2 ሊትር ተኩል ይበቃል።
- የቦይ ቁፋሮ፦ የቀን ሠራተኛ ሒሳብ ብቻ። ከሁሉ የሚረክሰው ይኼ ነው፤ ሰው ግን መጨረሻ የሚያስበው እሱን ነው።

ከድምሩ ላይ 15 በመቶ መጠባበቂያ ያዙ። ምርግ ሲወርድ የበሰበሰ ወጋግራ የማይገኝበት ቤት ጥቂት ነው።

ባለሙያ ስትይዙ ለልስኑና ለጣሪያው በቁርጥ ተነጋገሩ፤ ስፋቱ ይለካል። እንጨት መቀየር ካለ ግን በቀን ይሁን። ውስጡ ሳይታይ በቁርጥ የተያዘ ሥራ ወይ እናንተን ይጎዳል፣ ወይ ባለሙያው የበሰበሰውን እንጨት በጭቃ ሸፍኖት ይሄዳል። ሳይመረግ በፊት እንጨቱን ራሳችሁ እዩ።

ገጠር ያላችሁ በደቦ ትሠሩታላችሁ። ጥሩ ነው፤ ግን ነፃ አይደለም። ጠላው፣ እንጀራው፣ ወጡ ሒሳብ ውስጥ ይግባ። ለጭቃ ረገጣ ደቦ ተወዳዳሪ የለውም። ለጣሪያ ግን አትጥሩት። ጠላ የቀመሰ ሰው ቆርቆሮ ላይ አይውጣ።

ተደጋግመው የማያቸው ስሕተቶች

*የጭቃ ግድግዳ ሥር ሲሚንቶ መለሰን።* በየከተማው አለ። ሲሚንቶና ጭቃ አብረው አያብጡም፣ አብረው አይኮማተሩም። ሲሚንቶው ይለቃል፣ ውሃው ከኋላው ይገባል፣ መውጫ ያጣል፣ ወጋግራውን ያበሰብሳል። ከውጪ ስታዩት ደህና ነው። አንድ ቀን በእግራችሁ ስትነኩት ሙሉው ገበታ ተገንጥሎ ይወርዳል፤ ውስጡ ያለው እንጨት በጣት የሚፈርስ ነው።

*ሥሩን በአፈር መደገፍ።* ግድግዳው ሲሸረሸር አፈር አምጥቶ ማልበስ። አፈሩ ውሃ ይይዝና ቀን ከሌት ለግድግዳው ያጠጣዋል።

*ሻጋታ ላይ መቀባት።* ሁለት ወር ይሸፍናል፣ ከዚያ በቀለሙ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል።

*አሸንዳ ገጥሞ መውረጃውን መርሳት።* ድሮ በስምንት ሜትር ተበትኖ ይወርድ የነበረውን ውሃ አንድ ጥግ ላይ መድፋት ነው። ያ ጥግ በአንድ ክረምት ያልቃል። በርሜል አስቀምጡ ወይም ውሃውን እስከ ቦዩ ምሩት። በርሜሉ ሲሞላ ትርፉ ወዴት እንደሚሄድም አስቡ።

ከጨረሳችሁ በኋላ

በሰኔ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲመጣ ቤት ውስጥ አትቀመጡ። መብረቁ ጋብ ሲል ጃንጥላ ይዛችሁ ውጡና ቤቱን አንድ ጊዜ ዙሩት። ውሃው ከአሸንዳው አልፎ ይፈስሳል? ጠፈጠፉ ድንጋዩ ላይ ያርፋል ወይስ አልፎት? ቦዩ ይሄዳል ወይስ ቆሟል? ግድግዳው ሥር ኩሬ ካያችሁ እዚያው ቆማችሁ በእግራችሁ መስመር አስምሩለት፤ ነገ የሚቆፈረው በዚያ ነው። ስትገቡ ደግሞ የጓዳውን ግድግዳ ሥር በመዳፋችሁ ዳስሱት።